ለጆሮ ይበቃል፤ ለመዝገብስ?

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር በድምፅ ነገር ተከራከርን። ነገሩ የተነሣው እዚሁ ሳንሱሲ፣ በእርሱ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው። ወዳጄ ሙዚቃ አይጫወትም፤ ነገር ግን እንደ እርሱ አድርጎ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው አላውቅም። ለጆሮ ማዳመጫ የሚያወጣውን ገንዘብ ሳስብ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጠባ ስመዘግብ የምውለው እኔ እደነግጣለሁ። በዚያ ምሽት በስልኬ የከፈትሁትን የበገና መዝሙር ጥቂት ሰማና ፊቱን አጨፈገገ። «ይህ የበገናው አስከሬን ነው፤ ነፍሱ ወጥታለች» አለኝ።

«ነፍሱ ከወጣች ታዲያ እኔን ምን አስለቀሰኝ?» ብዬ መለስሁለት።

ክርክሩ ከዚህ ጀመረ። እርሱ፣ «ኤምፒስሪ ሙዚቃን ይገድላል፤ ድምፅ ሳይጎድል ካልተቀመጠ ባይሰማ ይሻላል» ይላል። እኔ ደግሞ፣ «ጆሮ የማይለየውን ልዩነት ማምለክ ከንቱ ነው» እላለሁ። ማን እንደ ረታ እነግራችኋለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን መርታትና መረታቱ አይደለም፤ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ላልተከታተለው አንባቢ ጉዳዩን በአጭሩ ላስረዳ። ሲዲ ድምፅን የሚይዘው በቁጥር ነው። በየሰከንዱ የድምፁን ሞገድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት ይጽፋል፤ ይህንንም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ያደርጋል። ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት፣ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። አራት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ዘፈን ከ40 ሜጋባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ዛሬ ይህ ምንም አይደለም፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ብዙ ነበር።

በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ፣ በፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም የነበሩት ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና የሥራ ባልደረቦቻቸው መፍትሔ የፈለጉት ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከሰው ጆሮ ነው። ጆሯችን ሁሉን እኩል አይሰማም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሳንሱሲ! ሳንሱሲ!» እያለ ሲጮኽ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩት ሁለት ሰዎች አይሰሙንም፤ አልዘጉም፣ ተሸፈኑ እንጂ። ከበሮ ሲመታም በዚያች ቅጽበት በአጠገቡ ያለው ስስ ድምፅ እንዲሁ ይሸፈናል። ኤምፒስሪ የሚሠራው ይህን የተሸፈነውን እየለየ በመጣል ወይም በደምሳሳው በመጻፍ ነው። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ፤ ዛሬ የምናውቀውን ስሙን ያገኘው በ1995 ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ተብሎ የተለመደው ልክ ከሲዲው አሥራ አንድ እጅ አንዱን ብቻ ያስቀራል። አሥሩ እጅ ተጥሎ ዘፈኑ ዘፈን ሆኖ መቆየቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚደነቅ ነው።

ሌላው መንገድ ሳያጎድሉ ማመቅ ነው። ከዚህ ወገን ይበልጥ የታወቀው ፍላክ የተባለው ሲሆን፣ ጆሽ ኮልሰን የተባለ ሰው የመጀመሪያውን ሙሉ እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ፍላክ ፋይሉን በግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ይቀንሰዋል፤ ሲፈታ ግን እያንዳንዷ ቁጥር ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። አንዲትም አትጎድልም። የወዳጄ ቤት በዚህ ዓይነት ፋይል የተሞላ ነው።

«እንግዲያው ይፈተን» አልሁት። ተስማማን። ከገዛው ሲዲ ሦስት ነገር መረጠ፤ አንድ የበገና መዝሙር፣ አንድ የክራር ዜማ፣ አንድ ደግሞ ጭብጨባና እልልታ የበዛበት የሠርግ ዘፈን። እያንዳንዱን በሦስት ዓይነት አዘጋጀ፤ ሳይጎድል፣ በ320 ኪሎቢት፣ በ128 ኪሎቢት። ባለቤቱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተቀምጣ የትኛውን እንደምታጫውት በወረቀት ትመዘግባለች፤ እኛ ጀርባችንን ሰጥተን፣ ውድ ማዳመጫውን ተራ በተራ አጥልቀን እንገምታለን። ሁለቱን ዓይነት በሃያ ሃያ ዙር ከሙሉው ጋር አነጻጸርን።

በ128ቱ ዙር እኔ ሳልቀር አሥራ ስድስቱን አገኘሁ። የረዳኝ የሠርጉ ጭብጨባ ነው። እጅ ከእጅ ከመጋጨቱ አንዲት ቅጽበት አስቀድሞ አሸዋ እንደሚፈስ ያለ ስስ ድምፅ ይሰማል። ምክንያቱ ይታወቃል፦ ኤምፒስሪ ድምፁን 1,152 ልክ በያዘ ቁራሽ፣ ማለትም በ26 ሚሊሰከንድ ያህል እየከፈለ ነው የሚያስተናግደው፤ በቁራሹ መካከል ድንገተኛ ምት ሲመጣ የአጻጻፉ ሻካራነት ከምቱ ፊት ወዳለው ጸጥታ ይፈስሳል። የበገናውም ንዝረት ጥቂት ፈዘዘ። በገና ከጅማቱ ሥር ቁርጥራጭ ቆዳ የሚገባለት ለዚያ ንዝረት ሲባል ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ብዙ ረቂቅ ድምፆች የሚሰፍሩት በዚያ ነው። ረቂቁን ለመጣል የሚቸኩል ለበገና ጠላት ነው፤ በዚህ ወዳጄን ልክ ነህ አልሁት።

በ320ው ዙር ግን ነገሩ ተለወጠ። እኔ ከሃያ አሥራ አንድ፣ እርሱ ከሃያ ዘጠኝ አገኘን። ሳንቲም ብንወረውር ከዚህ ብዙም የራቀ ውጤት አይመጣም ነበር። ባለቤቱ ወረቀቱን አየችና፣ «ገመታችሁ እንጂ አልሰማችሁም» አለች። ወዳጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ሦስተኛው ቡና እንዲቀዳ ጠየቀ።

በዚህ ያፈርነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ከሲዲ በላይ ጥራት አለው የሚባለውን ድምፅ በሲዲ ልክ ካለፈው ጋር ለማነጻጸር ጆሮ አለን የሚሉ ሰዎችን ሰብስበው ፈትነው ነበር። ከ554 ሙከራ ትክክል የተገመተው 276ቱ፣ ማለትም ግማሹ ነው። እኔና ወዳጄ ያነጻጸርነው ሌላ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ዓይን ስሙን ካነበበ በኋላ ጆሮ «ሰማሁ» ማለት አያቅተውም። ሰው የሚሰማው ከፊሉ ተስፋውን ነው።

ደግሞም ለአብዛኞቻችን ሙዚቃውን የሚያበላሸው ሌላ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ፣ በታክሲው ጣሪያ ሥር የሚንቀጠቀጥ ስፒከር፣ የመጣውን ሁሉ እንደገና የሚያምቅ ብሉቱዝ፣ ወደ አምቦ የሚወጣ የጭነት መኪና ጩኸት። በእነዚህ መካከል ተቀምጦ ስለ ፍላክ መጨቃጨቅ፣ በዝናብ ውስጥ ቆሞ ስለ ውኃው ጥራት እንደ መጨቃጨቅ ነው። የቀረጻ ጥራት ብቻውንም ጥበብ አይሆንም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1910 መካከል በጀርመን በነበሩበት ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ ገና አልዋለም፤ ዘፋኙ ወደ ቀንድ መሰል አፍ እየጮኸ ነበር የሚቀረጸው። በዛሬው መለኪያ የድምፁ አብዛኛው ክፍል የለም። ነገር ግን ሰውየው አለ። ያን ሸክላ ሰምቶ «ጥራት የለውም» የሚል ቢኖር፣ ከእርሱ ጋር ስለ ሙዚቃ መነጋገሩ ድካም ነው።

እንግዲህ ክርክሩን ረታሁ። በደንብ የታመቀ ፋይል ለጆሮ ይበቃል። ጽሑፌን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን በዚያ ምሽት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በአስኮ መንገድ ዳር እየሄድሁ፣ የአያቴ ድምፅ ትዝ አለኝ።

አያቴ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለች ቀበሌ የኖረች ገበሬ ነበረች። ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉር ነበር፤ ለሰው ሳይሆን ለእንዝርቷ። አባቴ በ1977 ዓ.ም. ቴፕ ይዞ ሊጠይቃት ሄደና፣ ሳታውቅ ከአጠገቧ አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዳት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፈች። ካሴቱ በቤታችን እንደ ጽላት ይከበር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስትተነፍስ ይሰማል። እንዝርቱ ጭኗ ላይ ሲሾር ይሰማል። በሩቅ ዶሮ ይጮኻል፤ አንድ ጊዜም ማገዶ ሲሰበር እሷ ዝም ትልና እንደገና ትጀምራለች።

በ2000 ዓ.ም.፣ በሚሊኒየሙ ዓመት፣ የሃያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ 128 ሜጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ገዛሁ። ሀብታም የሆንሁ መሰለኝ። ካሴቱን ይዤ ሙዚቃ ወደሚጫንበት አንድ ሱቅ ሄድሁና ወደ ኮምፒውተር እንዲቀዳልኝ ጠየቅሁ። ልጁ በቅንነት፣ «ሌላ ዘፈንም እንድጭንልህ ትፈልጋለህ?» አለኝ። «አዎን፤ የቻልኸውን ያህል» አልሁት። «እንግዲያው ይኼኛውን ላሳንሰው» አለ። «አሳንሰው» አልሁ። በ32 ኪሎቢት ታመቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ አያቴ 14 ሜጋባይት ሆነች፤ በሲዲ ልክ ቢያዝ ይሆን ከነበረው አርባ አራት እጅ አንዱ ማለት ነው። በቀረው ቦታ ዛሬ ስማቸውን እንኳ የማላስታውሳቸው ዘፈኖች ተጫኑልኝ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። «ከእንግዲህ ኮምፒውተር ውስጥ አለች» ብዬ፣ በዚያው ካሴት ላይ የራሴን ግጥሞች ቀዳሁበት። ለአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ልልካቸው አስቤ ነበር። አልላክኋቸውም። መላክም አይገባቸውም ነበር።

አባቴ ፋይሉን የሰማው ከዓመት በኋላ ነው። ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ጥቂት ቆየ። ከዚያ፣ «እናቴ ናት፤ ግን ውኃ ውስጥ ሆና የምታንጎራጉር ትመስላለች» አለ። «ካሴቱን አምጣልኝ» አለኝ። ምን ብዬ እንደ መለስሁለት ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ላይ እንዳነበብሁት፣ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ሥራቸው ሊያልቅ ነው ባሉበት ጊዜ ሱዛን ቬጋ የተባለች አሜሪካዊት ያለ ምንም መሣሪያ ብቻዋን የዘፈነችውን ዘፈን አምቀው ሰሙት፤ ድምፁም ተበላሽቶ አገኙት። እስኪስተካከል ድረስ ያንኑ ዘፈን ደጋግመው መፈተኛ አደረጉት። ነገሩ ይገባኛል። ሙሉ ባንድ ሲጫወት አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ብቻዋን የምታዜም ሴት ግን የሚሸፍንላት የለም። ጉድለቱ ሁሉ በግልጥ ይታይባታል። አያቴም ብቻዋን ነበረች፤ ከእንዝርቷ በቀር። እንዝርቱም በ32 ኪሎቢት እንዝርት መሆኑ ቀርቶ የውኃ ጩቅጩቅታ ሆነ።

ሳንሱሲ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ «ሐሳብ የሌለበት» ማለት ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ ቤተ መንግሥት በጀርመን ፖትስዳም አለ፤ የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬደሪክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ነው። ንጉሡ ዋሽንት ይወድ፣ ራሱም በእንግዶቹ ፊት ይነፋ ነበር። ያን ሁሉ ድንጋይ ሊያስቆም ሲችል የትንፋሹን አንዲት ደቂቃ ሊያስቀምጥ አልተቻለውም። ንጉሥ ያልቻለውን አባቴ በአንድ ባዶ ካሴት ቻለው። እኔ ደግሞ ለፍላሼ ቦታ ብዬ አጠፋሁት።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ወዳጄና እኔ የተከራከርነው በተሳሳተ ጥያቄ ላይ ነው። «ጆሮ ይለየዋልን?» የሚለው ጥያቄ ለማዳመጥ ነው። ለማኖር ግን የሚጠየቀው፣ «ነገ ወደ ሙሉው መመለስ ይቻላልን?» ተብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ ለአንደኛው የበቃው ለሌላው ላይበቃ ይችላል።

በሥራዬ ይህን በየቀኑ አየዋለሁ። ደንበኛ ገንዘብ ሲያወጣ በስልኩ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ቀሪ ሂሳብዎ ይህን ያህል ነው የሚል። ለእርሱ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ቢጻፍለትም አያነብም። ነገር ግን ባንኩ ያንን ቀሪ ሂሳብ ብቻ ይዞ መዝገቡን ቢያቃጥል ምን ይሆናል? ከቀሪው ተነሥቶ ገቢውንና ወጪውን መልሶ ማግኘት አይቻልም። መቼ ገባ፣ ከማን መጣ፣ ስንት ጊዜ ወጣ፣ ሁሉም ጠፍቷል። ክርክር የተነሣ ዕለት ደግሞ የሚፈለገው ቀሪው ሳይሆን መዝገቡ ነው። የታመቀው ኤምፒስሪ የደንበኛው መልእክት ነው፤ ሳይጎድል የተቀመጠው ድምፅ መዝገቡ ነው። መልእክቱን አልነቅፍም፤ በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረው እርሱን ነው። የምነቅፈው መዝገቡን ማቃጠሉን ነው።

ማሳጠር በራሱ ጥፋት እንዳልሆነም አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ድጓ የከፈተ ሰው ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ምልክቶችን ያያል። ትውፊቱ እንደሚለው ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ምልክቱን ያዘጋጁት ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል የምትሆነው ምልክት ሙሉ የዜማ ሐረግ ወክላ ትቆማለች፤ ፊደሏም የተወሰደችው ያ ሐረግ ከሚታወቅበት ቃል ነው። ዜማውን ያጠና መሪጌታ ያቺን ፊደል ባየ ጊዜ ዜማው ከነድፋቱ፣ ከነቅናቱ፣ ከነርክርኩ ይመለስለታል። ጠባብ ብራና ላይ ሰፊ ዜማ ተቀመጠ፤ ሲፈታም እንደ ነበረ ተፈታ። ይህ ሳያጎድሉ ማመቅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከማሳጠሩ ይልቅ የሚከፋው መመለሻውን ማፍረስ ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍሁት። ነገር ግን የአገራችን ሙዚቃ ታሪክ በከፊል የመመለሻ ታሪክ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመሩት የሸክላ ኅትመት በ1975 ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሸክላ እየቀረ ካሴት አገሩን ሞላው። ብዙ ሥራ ከካሴት በቀር ሌላ መልክ አላገኘም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሳለ በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ብቻውን የሠራው ሥራ ነበረው፤ እርሱም ቆይቶ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ፤ አዛውንቱ ሙዚቀኛም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። አሁን አስቡት፦ የባሕር ዳሩ ባለ ሱቅ እንደ እኔ «ኮምፒውተር ውስጥ አለ» ብሎ ካሴቱን ቢጥለው ወይም ቢቀዳበትስ?

ስንቱ እንዲያ እንደ ሆነ ልባችን ያውቃል። ካሴቱ ወደ ኤምፒስሪ ተቀዳ። ኤምፒስሪው በሲዲ ተጽፎ መንገድ ዳር ተሸጠ። ሲዲው እንደገና ወደ ኤምፒስሪ ተቀዳ። ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር በራሱ ልክ እንደገና ወደሚያምቅ የቪዲዮ ገጽ ተጫነ። በየደረጃው ጥቂት ይጎድላል፤ ጉድለቱም ይደራረባል። በመጨረሻ እጃችን የሚገባው የወላጆቻችን ዘመን ሙዚቃ በጭቃ የተመረገ ይመስላል። ልጆቻችንም የድሮ ዘፈን በተፈጥሮው እንዲያ የሚያስተጋባ ይመስላቸዋል። የዚያ ዘመን ዘፋኞች ግን እንደዚያ አልዘፈኑም።

የጎደለውን ዛሬ ወደ ፍላክ በመለወጥ እመልሳለሁ የሚል ካለም ይወቀው፤ አይመለስም። የተቀደደች ብር በፕላስቲክ ብትለበጥ የጎደለው ጠርዟ አይበቅልላትም። ሙሉ ተብሎ የሚዞረው ፋይል ሁሉም ሙሉ አይደለም፤ ዋናው ከየት ተቀዳ የሚለው ነው።

አንዳንዱ አንባቢ፣ «ይህ የጠገበ ሰው ወሬ ነው፤ ለኢንተርኔት ጥቅል ገንዘብ ቆጥሮ የሚገዛ ሕዝብ ስለ ፍላክ ምን አገባው?» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው ማንም በፍላክ ያዳምጥ የማልለው። ኤምፒስሪና ልጆቹ ሙዚቃን ወደ እረኛው ኪስ ያስገቡ ባለውለታዎች ናቸው፤ ከሸክላ ማጫወቻ ጋር የባለጠጋ ሳሎን ውስጥ ተዘግቶ ከሚቀር ሙዚቃ በስልክ የሚዞር ይሻለኛል። እኔ የምለው ከሺሁ ቅጂ አንዱ ብቻ፣ አንዱ ግን በእርግጥ፣ ሳይጎድል ይቀመጥ ነው። ዋጋውም የሚያስፈራ አይደለም። የድምፅና የምስል መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር ለመዝገብ የሚመክረው ትንሹ ልክ በሰከንድ 48,000 ጊዜ በ24 ቢት መለካት ነው። በዚህ ልክ አንድ የዘጠና ደቂቃ ካሴት አንድ ጊጋባይት ተኩል ያህል ይሆናል። ዛሬ በየሱቁ የሚገኝ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ አርባ ካሴት ይይዛል ማለት ነው፤ በፍላክ ሲታመቅ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በ2000 ዓ.ም. እንኳ ቢሆን፣ የአያቴ አንድ ሰዓት በሲዲ ልክ 635 ሜጋባይት ነበር፤ አንድ ባዶ ሲዲ ይበቃው ነበር። የጎደለኝ ገንዘብ አልነበረም። ማን እንደ ሆነች ማሰብ ጎደለኝ።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ቤትህ ካሴት ካለ፣ የሠርግም ይሁን የለቅሶ፣ የአባትህ ቀረርቶም ይሁን የአያትሽ እንጉርጉሮ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ አትቅዱበት። ድምፁን ሙሉውን አንድ ጊዜ ቅዱት፤ ከሙሉው ላይ ለስልካችሁ የፈለጋችሁትን ያህል አሳንሱ። ሙሉውን ሁለት ቦታ አኑሩት። ከዚያም በኋላ ካሴቱን አትጣሉት፤ ምናልባት ከእኛ የተሻለ መቅጃ ያለው ትውልድ ይመጣል። ሙዚቃ ቤት ያላችሁም፣ የሬዲዮ ጣቢያ መጋዘን የምትጠብቁም፣ በወመዘክርና በዩኒቨርሲቲ መዛግብት የምትሠሩም፣ ልመናዬ ያው ነው።

ወዳጄን በማግሥቱ ደውዬ፣ «በጆሮ ረትቼሃለሁ፤ በመዝገብ ረትተኸኛል» አልሁት። ሳቀ። ምክንያቱን ግን አልነገርሁትም፤ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ይረዳው ይሆናል። የአያቴ 14 ሜጋባይት ዛሬም አለች። አባቴ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ በመታሰቢያዋ ቀን ይሰማት ነበር፤ አሁን እኔ እሰማታለሁ። ውኃ ውስጥም ብትሆን እሷ ናት። ባለፈው እየሰማኋት ሳለ እነዚህ ሁለት ስንኞች መጡልኝ፤ በዚያ ካሴት ላይ ከቀዳኋቸው ግጥሞች ሁሉ እነዚህ ይሻላሉ፦

ስፍራ ጠቦኝ ያኔ ትንፋሽሽን ሸጥሁ፣
ዛሬ ስፍራ ተርፎኝ የምሞላው አጣሁ።

ቸር ይግጠመን።